አምስት ገጽ ጽፈሽ ክስ ያልወጣው ለምንድን ነው?

አንዲት የሕግ ተማሪ እዚሁ ድሬዳዋ ሆና የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ውጤቴም ጥሩ ነው። አጎቴ ለጓደኛቸው 180,000 ብር አበድረው ሰውዬው አልመልስ አላቸው። ‹አንቺ ሕግ ትማሪ የለ፣ ክሱን ጻፊልኝ› አሉኝ። አምስት ገጽ ጻፍኩ። አንብበው ሲጨርሱ ‹የኔ ነገር የቱ ጋ ነው?› አሉ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደው በአንድ ገጽ ተኩል አስጻፉት። በጣም አፈርኩ። ትምህርት ቤቱ የሚያዘጋጀን ለሥራው ነው ወይስ ለፈተና ብቻ? በቀረኝ ጊዜስ ምን ላድርግ?»

አይዞሽ እህቴ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁለቱንም ወረቀት ስም ሰርዘሽ ልከሽልኛል። አጎትሽንም አስፈቅደሻል። ደግ አድርገሻል፤ ገና ተማሪ ሆነው ይህን የሚያስቡ ብዙ አይደሉም። እንግዲያው ከወረቀቶቹ ልጀምር።

ካንቺ አምስት ገጽ ሦስቱ ስለ ውል አመሠራረት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1678 አንስተሽ ችሎታን፣ ፈቃድን፣ የውሉን ጉዳይና ፎርምን አንድ በአንድ ተንትነሻል። ስህተት የለበትም። ችግሩ ማንም አልጠየቀሽም። ተከሳሹ «ለአካለ መጠን አልደረስኩም» አላለ፣ «ተገድጄ ነው» አላለ። አጎትሽ ገንዘቡን መቼና እንዴት እንደሰጡ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ያገኘሁት አራተኛው ገጽ ላይ ነው። እሱም የሚጀምረው «በአንድ ወቅት» ብሎ ነው። እንዲህ ተረት ይጀመራል እንጂ ክስ አይጀመርም።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 222 አውጥተሽ እንደገና አንብቢው። የፍርድ ቤቱን ስም፣ የተከራካሪዎችን ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆኑትን ፍሬ ነገሮች፣ መቼና የት እንደተፈጠሩ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየውን ነገር፣ በመጨረሻም የምትጠይቂውን ዳኝነት ይፈልጋል። ቀጥሎ ያለው 223 ደግሞ የማስረጃ ዝርዝር አምጪ ይልሻል፤ ምስክሩ ማን ነው፣ አድራሻው የት ነው፣ ምን ያስረዳል። የትንታኔ ቦታ አልተተወልሽም። ትንታኔው ጭንቅላትሽ ውስጥ ሆኖ የትኛው ፍሬ ነገር እንደሚጻፍ ይመርጥልሻል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አይታይም።

ያንቺ አራተኛ ገጽ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ሳይቸገር ያነበው ነበር፦ «እኔ ከሳሽ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከተማ በሚገኘው የባንክ ቅርንጫፍ በኩል ከሂሳቤ ወደ ተከሳሽ ሂሳብ ብር 180,000 (አንድ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር) በብድር አስተላልፌለታለሁ። ተከሳሽ ይህን ገንዘብ በስድስት ወር ውስጥ ሊመልስልኝ ተስማምቶ ነበር። ጊዜው ካለፈ በኋላ በተደጋጋሚ ብጠይቀውም አልመለሰልኝም።» ቀኑንና የመመለሻ ጊዜውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ትክክለኛውን አንቺ ከአጎትሽ ትጠይቂያለሽ። አራት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሞላም፤ መቼ፣ የት፣ ማን፣ ስንት፣ በምን መንገድ የሚሉት ግን ሁሉም ገብተዋል።

የራፖር ጸሐፊው ወረቀት ቅርጹ ልክ ነው። ሰውየው ስንት ዓመት ሲጽፍ ኖሯል፣ እጁ ያውቀዋል። ዳኝነቱን ሁሉ በቅደም ተከተል ጠይቋል፤ የዳኝነት ገንዘብ፣ ወጪና ኪሣራ እንኳ አልረሳም። ግን የማስረጃ ዝርዝሩን ተመልከቺ። ሦስት የሰው ምስክር፣ ሌላ ምንም የለም። ሦስቱም ነገሩ ሲነሳ በርጫ ላይ አብረው የነበሩ ጓደኛሞች ናቸው።

አቦ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት (ባለዕዳው ራሱ ሲያምን) ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለእንግዳ ምሳ እንኳ አይበቃም። ቁጥሩ ግን እዚያው ሕጉ ውስጥ አለ። ሌላኛው ወገን ጠበቃ ከያዘ ሦስቱ ምስክሮች አፋቸውን ሳይከፍቱ መቃወሚያ ይቀርብባቸዋል።

አሁን ደብዳቤሽን አስታውሺ። መጨረሻው ላይ እንደ ዋዛ ሁለት ነገር ጣል አድርገሻል። ገንዘቡ የሄደው በባንክ ነው። ሰውዬው ደግሞ በቴሌግራም «ወንድሜ ትንሽ ታገሰኝ» ብሎ ጽፎላቸዋል። የክሱ ነፍስ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አንቺም ራፖር ጸሐፊውም ግን ክሱ ውስጥ አላስገባችኋቸውም። የባንኩ ወረቀት ገንዘቡ መሄዱን ያሳያል፤ ለምን እንደሄደ ግን ብቻውን አይናገርም። መልእክቱ ይህን ክፍተት ይሞላ ይሆናል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ይህ 2472 የሚፈልገውን ጽሑፍ ያሟላል ወይ የሚለው መሟገቻ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። በተጨማሪ በመጀመሪያው የክስ መስማት ቀን ፍርድ ቤቱ ተከራካሪዎቹን ራሱ ይጠይቃል፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 241። ያን ዕለት የምትፈልጊው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በዚህ ቀን ሂሳብህ ውስጥ 180,000 ብር ገብቷል ወይስ አልገባም?» ገብቷል ካለ «ለምን?» ይከተላል። ሰውዬው የሚመልሰው ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

መዝገቡ በምስክር ብቻ ተከፍቶ ከሆነም አልረፈደም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 91 መሠረት ክሱ እንዲሻሻል ይጠይቁ። ተከሳሹ መልሱን ከማቅረቡ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በፊት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ ለባለዕዳው መድረሱንና የደረሰበት ማስረጃ መኖሩን አረጋግጪ። የአጎትሽ ጉዳይ እዚህ ላይ ይብቃን።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስመጣ መልሴ ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ ሕግ አላስተማረሽም ማለት አይቻልም፣ አስተምሮሻል። ያላስተማረሽ ፍሬ ነገር ማውጣትን ነው። የፈተና ወረቀትሽን አስታውሺ፦ «አቶ ሀ ለአቶ ለ 10,000 ብር አበደረ። አቶ ለ በጊዜው አልከፈለም። ምከሩ።» ማበደሩ እዚያ ያለቀ ጉዳይ ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ክርክሩ ራሱ አቶ ሀ አበድሯል ወይ የሚለው ነው። ክፍል ውስጥ ሽንኩርቱ ተልጦና ተከትፎ ይሰጥሻል፤ አንቺ የምታቁላዪው ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ደንበኛው ይዞ የሚመጣው አፈር የያዘ ሽንኩርት ነው፣ አንዳንዴም ከድንች ጋር ተቀላቅሎ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ዓ.ም. ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል አሜሪካዊ ነበሩ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሕጎቹ ገና ትኩስ ናቸው። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954 ነው የወጡት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ እንኳ በ1958 ነው የደረሰው። ያኔ ሕጉን ራሱን ማስተማር ተገቢ ነበር፤ የሚያስተምሩት የተጠራቀመ የአገር ውስጥ ፍርድ የለማ! አሁን ግን አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ አስገዳጅ ሆኗል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ ታትመዋል። አስተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ከሰበር ውሳኔ የሚያነበው የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ ነው።

የሥርዓተ ትምህርቱ ሰዎች ይህን አላዩም አልልም። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ የተግባር ኮርሶችን አመጣ። ሕጋዊ ጽሑፍ፣ ምስለ ችሎት፣ የሕግ ክሊኒክ፣ ኤክስተርንሺፕ (መሥሪያ ቤት ተመድቦ መለማመድ) ሁሉም ወረቀቱ ላይ አሉ። የመውጫ ፈተናውም ሌሎች ትምህርት ክፍሎች በ2015 ከመጀመራቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ሕግ ላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ መኖሩና ተማሪው እጅ መግባቱ ግን ለየቅል ነው። ክፍሉ ሙሉ ሲሆን መምህሩ የሁሉንም ረቂቅ ክስ አርሞ መመለስ አይችልም። የመውጫ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ፊደል አጥቁረሽ ወይም በኮምፒውተር ነክተሽ ታልፊያለሽ። ክስ መጻፍ በምርጫ ጥያቄ አይፈተንም፤ ያልተፈተነ ነገር ደግሞ ተማሪ አያጠናም። አልፈርድበትም።

ኤክስተርንሺፕን በተመለከተ ትንሽ ልናደድ። አንድ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፣ ስሙን እንተወው። የሚላኩለትን ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ ሻይ ያስልካል፣ መጨረሻ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ማኅተም ይመታል። ተማሪውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁለቱም ተስማምተው ነው የሚሸዋወዱት። አንቺ ስትመደቢ ግን መዝገብ ቤት የሚያስገባሽን ሰው ፈልጊና የተዘጉ መዝገቦችን ለማንበብ ጠይቂ። አስፈቅደሽ፣ የሰው ስምና ምስጢር ይዘሽ ሳትወጪ። የተዘጋ መዝገብ ውስጥ ክሱ፣ መልሱ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው፣ ብይኑ፣ የምስክር ቃሉ፣ ፍርዱ በተርታ ተሰፍተው ታገኛቸዋለሽ። ክሱን ብቻ አንብቢና ዝጊው። መልሱን ራስሽ ጻፊ፤ ከዚያ ገልጠሽ አስተያዪ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 የተዘረዘሩትን መቃወሚያዎች በቃልሽ ከመሸምደድ ይልቅ አንድ መዝገብ ላይ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል የሚለው) እንዴት ተነስቶ እንዴት እንደተበየነ ብታዪ አይረሳሽም።

ድሬ ላይ መማር ደግሞ ያላወቅሽው ዕድል ነው። አንድ ከተማ ውስጥ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ በቻርተሩ በአዋጅ 416/1996 የተቋቋሙ የከተማው ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ተከራካሪዎች ሲስማሙ ብቻ በአዋጅ 188/1992 መሠረት የሚዳኝ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። ደንበኛሽ «ፍርድ ቤት» ሲልሽ የቱን ማለቱ እንደሆነ አያውቅም፤ የምታውቂለት አንቺ ነሽ።

ከዚያ መኪና ያዢና ወደ ሐረር ውጪ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ ላይ በቤተሰብ ጉዳይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ነው። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረማያና አወዳይ ስትደርሺ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ነሽ። ሐረር በር ስትገቢ የሐረሪ ክልል የራሱ አለው። ሐረር ተጋብተው፣ ድሬ ሳቢያን ኖረው፣ አወዳይ ላይ ቤት የሠሩ ባልና ሚስት ሊፋቱ ሲመጡ የትኛው ሕግ፣ የትኛው ፍርድ ቤት? የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ይቀርባል የሚለውን ሥነ ሥርዓት ላይ ተምረሻል። ፍቺው ድሬ ተወስኖ ቤቱስ? የፈተና ጥያቄ ቢሆን ከተማው ተጽፎልሽ ይመጣ ነበር። እዚህ ግን «የት ተጋባችሁ፣ የት ኖራችሁ፣ ቤቱ በማን ስም ነው፣ ካርታ አለው?» ብለሽ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ሴትየዋ ይህን ሁሉ አትነግርሽም። የምትነግርሽ የአማቷን ክፋት ነው። እሱንም ስሚ። ካላዳመጥሻት የቀረውን አትነግርሽም።

የቋንቋው ነገር ብዙ ተብሏል፣ አላሰለችሽም። የምትማሪው በእንግሊዝኛ ነው፤ ድሬ ችሎት ላይ የምትጽፊው በአማርኛ ነው። ሐረሪ ክልል ከሄድሽ ሐረሪኛና አፋን ኦሮሞ ናቸው የሥራ ቋንቋዎቹ። በአዋጅ 3/1987 መሠረት የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ አማርኛውን ዕውቅና እንደሌለው ትርጉም አድርገሽ ጎን አታስቀምጪው። ከነገ ጀምሮ ማንኛውንም ቁጥር ስታነቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቺ። አንቺ «ኮዝ ኦፍ አክሽን» እያልሽ ሦስት ገጽ ትጽፊያለሽ፤ ዳኛው ግን «የክስ ምክንያት የለውም» ብሎ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 231 ይዘጋዋል።

ችሎት ገብተሽ ስትቀመጪ ደግሞ አስተርጓሚው ላይ ዓይንሽን ጣይ። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ጠንቶ፣ የጣሪያው ማራገቢያ ሲንቋቋ፣ ሶማልኛ ተናጋሪ ምስክር ቆሟል እንበል። ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ ይጀምራል፦ «አንተ ሱቅህ ውስጥ ሆነህ መኪናው ሲመጣ ከኋላው የወረደውን ሰው አይተሃል፣ ወይስ ድምፅ ሰምተህ ነው የወጣኸው፣ ከወጣህስ በኋላ ተከሳሹ እዚያ ነበር?» አስተርጓሚው እስትንፋሱን ሰብስቦ ሲሶውን ያስተላልፋል። ምስክሩ «አዎ» ይላል። የቱ ነው አዎ? ሰውየውን ማየቱ? ድምፅ መስማቱ? መዝገቡ ላይ «አዎ» ተጽፎ ይቀራል፣ ይግባኝ ሲባል ሁለቱም ወገን ይጠቅሰዋል። ጎበዝ ጠበቃ እንዲህ ይጠይቃል፦ «የት ነበርክ?» «ሱቅ።» «የሱቁ በር ክፍት ነበር?» «ዝግ ነበር።» አንድ ጥያቄ፣ አንድ ፍሬ ነገር። ይህን ምስለ ችሎት ላይ ልትማሪው አትችዪም፣ እዚያ ምስክር የሚሆነው የክፍል ጓደኛሽ ነው፤ መልሱንም አብራችሁ ነው ያጠናችሁት።

ይሁንና «ቲዎሪ ምን ያደርጋል» የሚሉትን አትስሚ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሲሉ እሰማለሁ፣ አልስማማም። ራፖር ጸሐፊው ቅርጹን ያውቃል፣ 2472ን ግን አላስታወሰም ወይም አላየውም። የብድርን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ነው «ወረቀት አለ?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው። የውል ሕግ ኮርሱን ቀንሰው የክስ ጽሑፍ ኮርስ ይጨምሩ ቢሉኝ እቃወማለሁ። የምፈልገው የውል ሕጉ ፈተና ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የተዝረከረከ ፋይል እንዲገባ ነው። የተቀደደ ደረሰኝ፣ ቀን የሌለው ደብዳቤ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ የደንበኛ ታሪክ። «ምከሩ» ሳይሆን «ምን ትጠይቁታላችሁ?» የሚል ፈተና።

ሌሎች አገሮች ይህን ከዲግሪው በኋላ ነው የሚሠሩት። ጀርመን ሁለት ዓመት ገደማ በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግና በጠበቃ ቢሮ እየዞሩ ይሠለጥናሉ፤ ከዚያ ሁለተኛ የመንግሥት ፈተና አለ። ኬንያ ውስጥም ዲግሪ የያዘ ሰው የሕግ ባለሙያዎች ሥልጠና ገብቶ፣ በጠበቃ ሥር ሠርቶ ነው ጠበቃ የሚሆነው። እኛ ጋ ለዳኛና ለዐቃቤ ሕግ የቅድመ ሥራ ሥልጠና አለ። ለጠበቃ ያለው ልምድና የመግቢያ ፈተና ነው፤ አሁን የሚመራውም አዋጅ 1249/2013 ነው። ልምዱን የት እንደምታገኚ ግን የሚያሳይሽ የለም፣ ራስሽ ነሽ የምትፈልጊው።

ስለዚህ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ካለ መጀመሪያ እዚያ ግቢ። የሚመጡት ጉዳዮች ትንንሽ ናቸው፦ ቀለብ፣ የቤት ኪራይ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ። ትንሽ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ አፈጻጸም ድረስ ታዪዋለሽ። ትልቁ የንግድ ክርክር አንቺ ተመርቀሽም አያልቅም። ደንበኛ ስትቀበዪ አስቀድመሽ ሕግ አትንገሪያቸው። ታሪኩን በራሳቸው ቅደም ተከተል ይናገሩ፤ ከዚያ አንቺ በቀን ቅደም ተከተል ጽፈሽ አንብቢላቸው። ክፍተቱ ያኔ ይወጣል። «ቆይ፣ ከዚህ በፊት አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ» የሚሉሽ ያኔ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ለዘመድ ረቂቅ መርዳት አንድ ነገር ነው፤ ፈቃድ ሳይኖርሽ ገንዘብ ተቀብለሽ ክስ መጻፍና ችሎት መከተል ሌላ ነው። ሰፈር ውስጥ «ጠበቃችን» ማለት ሲጀምሩሽ ሳቂና እምቢ በዪ።

ክረምት ላይ ጊዜ ካለሽ የጠበቃ ቢሮ በረዳትነት ግቢ፣ ደመወዝ ባይኖረውም። ቢሮ ስትመርጪ የሕንፃውን ውበት አትዪ። ጠበቃው ረቂቅሽን አርሞ ይመልስልሻል ወይስ ወስዶ ራሱ ይጽፈዋል? መጀመሪያ ይህን ጠይቂ። ራሱ የሚጽፈው ከሆነ አመስግነሽ ሌላ ቢሮ አንኳኪ።